በአንድ ጣራ ሥር ለሚኖሩ ብቻ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

በስልክ ዕቃ ከምናዝበትና ፊልም ከምናይበት ድርጅት መልእክት መጣ። ከዲሴምበር ጀምሮ ወርሃዊው ክፍያ ይጨምራል። በዚያ ላይ አባልነቱ «በአንድ ጣራ ሥር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ብቻ» ይሆናል ይላል። ባሌ፣ የናራ አባት፣ ራት እየበላ ስልኬ ላይ አጎንብሶ አነበበው። አፉ ውስጥ ያለውን እንኳ ሳይውጥ «እንግዲህ ይብቃን» አለ።

«ምኑ ነው የሚበቃን?»

«ይሄ ነዋ! አንቺ ሳሙና ታዢበታለሽ። ናራ ፑሳን ቁጭ ብላ ፊልም ታይበታለች። እኔ ምን አተረፍኩ? ባዶ ካርቶን እያጣጠፍኩ ማውጣት።»

«እማዬስ?»

ወደ ሳህኑ ተመለሰ። የእማዬ ስም ሲነሳ ሁልጊዜ ክርክሩን ይተዋል። ለዚህም ነው የማነሳት።

እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም በላይ የምትጠቀምበት እሷ ናት። ኢንቾን ብቻዋን ነው የምትኖረው። በየሳምንቱ ቶፉ፣ እንቁላልና ዓሣ አዝላታለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ በሯ ላይ ይደርስላታል። ማታ ደግሞ ድራማዋን ታያለች። በወር የአንድ ጥብስ ዶሮ ዋጋ ለማይሞላ ነገር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከእኛ ከዊጆንግቡ እሷ ጋ ለመድረስ እኮ ባቡሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መለወጥ የለውም፣ ልክ ነው። ቁጭ ብሎ መሄድ ነው። ግን ቅዳሜ ጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ እስከ ከሰዓት በኋላ ተረኛ እኔ ነኝ፤ እሑድ ደግሞ እኔም ሰው ነኝ።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ዕቃ አድራሹ ሳጥኑን ሲያስቀምጥ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። የዛሬውም ደረሰ። ሳጥኑ፣ የእማዬ የላስቲክ ጫማ፣ በላዩ የበሩ መብራት። መብራቱ ሁሌ በርቶ ነው የማየው። በዚያ ሰዓት!

ለመቆጣት ደወልኩ። «ሌሊቱን ሙሉ ነው የምታበሪው?»

«ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። ሲመጣ ነው የማበራው። ሰውየው ደረጃው ላይ ይደናቀፋል።»

«እማዬ፣ እሱ የራሱ ባትሪ አለው። አንቺ ተኚ።»

«እተኛለሁ» አለች። እንደማትተኛ አውቃለሁ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

አልሄድኩም። ልብስ አጠብኩ፣ ተኛሁ።

አፑ ላይ እያንዳንዳችን ሥዕል አለን። የመረጠችልን ናራ ናት፤ ለእኔ ጉጉት፣ ለአባቷ ድብ፣ ለአያቷ ብርቱካናማ ድመት። ድመቷን ስነካት እማዬ ምን እያየች እንደሆነ ይነግረኛል። ዛሬ ማታ ያንን ሁለት እህትማማቾች በአንድ የሾርባ ቤት የሚጣሉበትን ድራማ ጀምራለች። ድመቷ ካየች እማዬ ደህና ናት ማለት ነው። ይህን ለናራ አባት ስነግረው «ስለላ ነው» አለኝ። ስለላ አይደለም። ስለላ የሚሆነው መጥፎ ነገር ስትፈልግ ነው።

ለማንኛውም ደወልኩላት። ስለ ቴሌቪዥኑ አማረረች።

«እየጣመኝ ሳለ ቀጥ ይልና "አሁንም እዚያ ነዎት?" ብሎ ይጠይቀኛል። የት እሄዳለሁ? እዚህ ነኝ እለዋለሁ። አይሰማም።»

«ሪሞቱን እኮ ነው የምትጫኚው፣ እማዬ።»

«እሱንማ እጫናለሁ። ግን ሰው ሲጠይቅ መልስ መስጠት ነውር ነው? ቀኑን ሙሉ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ዘጋሁት። ለናራም ጽፌ ላክሁላት፤ እሷም ሳቀች።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

ክሊኒኩ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ተራ ሲጠብቁ። አንደኛዋ «የእኔ ልጅ በየሳምንቱ ሳጥን ትልካለች» ትላለች። ሌላዋ «ታድለሽ» አለቻት። «አዎ፣ ሳጥን ጥሩ ነው። አይናደድም፣ ቶሎ ልሂድም አይልም።» ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

የባለሳጥኗን ስም ጠራሁና ወደ ውስጥ አስገባኋት። ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም፤ ምሳዬ አልተስማማኝ ይሆናል።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

እማዬ ራሷ ደወለች። «ኪምጃንጉ መቼ ይሁን?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። ኪምጃንግ ማለት የክረምቱን የጎመን ኪምቺ በአንዴ መሥራት ነው። ጎመን መሰንጠቅ፣ ሌሊቱን በጨው ማሳደር፣ ማጠብ፣ በርበሬ መለወስ፣ ቅጠል በቅጠል መቀባት። የክረምቱን ኪምቺ ለእኔም፣ ለወንድሜም፣ ለናራም አዘጋጅታ እስክትጨርስ ወገቧ ይቆረጣል። የእኔም ወገብ እንደዚያው። ዕድሜዋ ሰማንያ ሊሞላ ነው።

«ዘንድሮ አትልፊ፣ እማዬ። ያለቀለት እናዛለን። ለአባላት ቅናሽ አለው።»

«ያለቀለት?»

«አዎ፣ ተቀብቶ የተዘጋጀ። በርሽ ድረስ ይመጣልሻል።»

«ጨው ገዝቻለሁ እኮ።»

«ጨው አይበላሽም።»

«አይበላሽም» አለች። «ታዲያ ሥጋውም አይቀቀል?» ብላ ጠየቀች። በኪምጃንግ ቀን በአዲሱ ኪምቺ ጠቅልለን የምንበላውን የአሳማ ሥጋ ማለቷ ነው።

«የሚበላው ሰው ሳይሰበሰብ ለማን ይቀቀላል?» አልኳት።

ለእሷ ብዬ ነው። ለእሷ ብዬ እንደሆነ ወንድሜ ቴሱም መሰከረልኝ። ከቻንግዎን ደውሎ «ጥሩ አደረግሽ፣ እህቴ፤ እኔም ዘንድሮ መምጣቱ ከብዶኝ ነበር» አለ።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ኪምቺው ደረሰ። ፎቶው መጣ፣ መብራቱም በርቷል።

«ቀመስሽው?»

«ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

«ሳጥኑ ጠንካራ ነው» አለች።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ያንን የጣራ ነገር ጨረስኩት። የናራ አባት ይሰረዝ ሲል እኔ ይቀጥል ብዬ በጉልበት ረታሁት። አፑ ስለ ድመቷ ጠየቀኝ። «ይህ አባል ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል?» አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ይኼኔ በእሷ ቴሌቪዥን ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል፤ ጊዜው ሳያልፍ እኔ ስልኬ ላይ ማስገባት አለብኝ።

«እማዬ፣ ቁጥር ወጣ?»

«ወጣ። ቆይ መነጽሬን... ስድስት። ቀጥሎ ያለው አንድ ነው ሰባት?»

«እኔ ከዚህ ሆኜ በምን አውቄው? ጠጋ በይ!»

«ጠጋ ስል ደግሞ ይደበዝዛል። ምንድን ነው ግን የሚፈልጉት?»

«አብረን እንደምንኖር ለማረጋገጥ ነው።»

«አብረን እንኖራለን እንዴ?»

«ለወጉ ነው። ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ውሸት ነዋ!»

«እማዬ፣ ጊዜው እያለቀ ነው!»

ነገረችኝ። ሠራ። እፎይ ብዬ ከዘጋሁ በኋላ መልሳ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከጠየቁኝ ምን ልበል?» አለች።

«ማንም አይጠይቅሽም» አልኳት።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ክሊኒኩ ጢም ብሎ ዋለ። ከእማዬ የመጣ ስልክ አመለጠኝ፤ ሁለት ጊዜ መሰለኝ። ማታ ልደውል ብዬ ድመቷን ሳያት ክፍል ዘጠኝ ላይ ናት። ከድራማዋ ማቋረጥ አልፈለግኩም። ከሻወር ስወጣ ክፍል አሥር። ልተኛ ስል ክፍል አሥራ አንድ። ዓይኗን ልታጠፋው ነው! ነገ ደውዬ እቆጣታለሁ።

ደህና ናት። እግሬ አብጧል።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ወድቃለች። የደወለልኝ የማላውቀው ሰው ነው። ዕቃ አድራሹ።

ኢንቾን። ሆስፒታል። ዳሌዋ ተሰብሯል። ቀዶ ጥገና ነገ ጠዋት።

ባቡሩ ውስጥ ቆሜ ሄድኩ። ወንበር ነበረ።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ ይላሉ። ሳንባዋን ግን እንከታተለዋለን አሉ። ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ጎመኑስ?» ብላ ነው።

አሁን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው፤ አለበለዚያ ለራሴ እያሳመርኩ ልነግረው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሄዳ ጎመን አስጭና መጣች። ብቻዋን ኪምጃንግ ልታደርግ! ሰንጥቃ፣ በቀዩ የላስቲክ ሳፋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጨው ነሰነሰችበት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ። ለምን እንደነበር ስጠይቃት «ሥጋ ገዝቼ ነበር፣ እሑድ ና ብለሽ ለባልሽ ንገሪው ልልሽ ነው» አለች። ማታ ድራማዋን ከፍታ ጎመኑን ልታገላብጥ ተነሳች። ሳፋውን ስትጎትት ደፉ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ከወገቧ በላይ ከሥሩ በሚሞቀው የክፍሉ ወለል ላይ፣ እግሮቿ ቀዝቃዛው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ላይ። እንደዚያ ሆና አደረች። ሐኪሙ «ወለሉ ባይሞቅ ኖሮ» ብሎ አልጨረሰውም።

እኔ ድመቷን ሳያት እሷ ወለሉ ላይ ነበረች። ክፍል አሥርን ያየው ማንም አልነበረም። ክፍል አሥራ አንድንም። «ደህና ናት» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ከላይ አለ፣ አልሰርዘውም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ዕቃ አድራሹ የሳምንቱን ሳጥን ይዞ መጣ። መብራቱ ጠፍቶ አየ። ሳጥኑን አስቀምጦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። በሩን ሲያንኳኳ ሰማችው። የበሩን መክፈቻ ቁጥር ከወለሉ ሆና እየጮኸች ነገረችው። ለእኔ ቁጥር ለማንበብ መነጽር ያስቸገራት ሴትዮ ለእሱ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። አምቡላንሱ እስኪመጣ አጠገቧ ተቀምጦ ብርድ ልብስ ደረበላት። ብርድ ልብሱ የቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ እንኳ እኔ አላውቅም።

የናራ አባት ኮሪደሩ ላይ ቡና ከማሽን እየቀዳ «አንቺ ምን ታደርጊ?» አለኝ። እንዲያጽናናኝ አልፈለግኩም። መሄድ እችል ነበር። ባቡሩ አንድ ነው።

ኖቬምበር 30፣ እሑድ

ከናራ አባት ጋር ቤቷ ሄድን። እሷ ከተወሰደች ጀምሮ ማንም አልገባበትም። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ስክሪኑ ላይ «አሁንም እዚያ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ቆሟል።

ከወደቀችበት ቦታ ሆኜ አየሁት። ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሪሞቱ ሶፋው ላይ ነበር።

የናራ አባት ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው።

ሳፋ ውስጥ ያለው ጎመን ጨው በልቶት ረግቧል፤ ደፋነው። ያልተሰነጠቀው ግን በጋዜጣ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ቆይቶናል። በርበሬው ተለክቷል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተልጧል። የላክሁላት ኪምቺ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

«ምን እናድርገው?» አለኝ ባሌ።

«ጎመኑን ሰንጥቅ» አልኩት።

ሁለታችንም አንችልበትም፤ በጨው ያቆየነውም እስከ ማታ ብቻ ነው። እሱ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ቅጠሉን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አንድ በአንድ እየለየ በርበሬ ይቀባል። አንድ ቦታ ላይ ስቄ ከሳቁ ወደ ለቅሶ ገባሁ። እሱም መቀባቱን ሳያቆም በአንድ እጁ ከነጓንቱ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ትከሻዬ በርበሬ በርበሬ ሸተተ።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ከቀባነው ትንሽ ቆርጬ ሆስፒታል ወሰድኩላት። ነርሷ ሳታይ አቀመስኳት። አኘከች፣ አኘከች።

«ጨው ይጎድለዋል። ማነው የቀባው?»

«አማችሽ።»

«ይታያል» አለችና እንደገና አፏን ከፈተች።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

ቴሱ መጣ። የአረጋውያን ማቆያ ሆስፒታል አግኝቷል፤ ንጹሕ ነው፣ መናፈሻ አለው፣ የሚያውቀው ሰው እናት እዚያ ናቸው። «ሁላችንም ሥራ አለን፣ እህቴ። በስሜት አንወስን።» እማዬ በመሀላችን ተኝታ ትሰማለች። ምን ትያለሽ ብለን ስንጠይቃት «ያላችሁኝ ቦታ» አለች። ጎመን ገበያ ላይ ሙሉ ቀን የምትከራከር ሴት!

ቴሱ ክፉ አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳጥን በመላክ ሳደርገው የኖርኩትን ነገር እሱ በአፉ ተናገረው፣ ይኸው ነው ልዩነታችን።

ስወጣ እጄን ያዘችኝ። ስለ ማቆያው መሰለኝ። «ከኪምቺው ለሾፌሩ ስጪልኝ» አለች። ሾፌሩ የምትለው ዕቃ አድራሹን ነው። «ክረምቱን በባዶ አይለፍ። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ማን ይሠራለታል?»

ሚስቱ መሞቷን ታውቃለች። እኔ ስሙንም አልጠየቅኩም።

ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

ሰውየውን የማገኝበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ወደ እማዬ ቤት አንድ ፓኬት ለሾርባ የሚሆን የባሕር አረም አዘዝኩና ትናንት ማታ እዚያው አደርኩ። ጎህ ሊቀድ ሲል የበሩን መብራት አበራሁና ከበሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። እሷ የምትቀመጥባት ትንሽ በርጩማ አለች። እዚያ ላይ ተቀምጣ እንደምትጠብቀው ዛሬ ነው የገባኝ።

የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሩጫ። በሩን ስከፍት ፀጉሩ የሸበተ ሰው እያለከለከ ቆሟል። ሲያየኝ ቅር አለው።

«ይቅርታ» አለ። «መብራቱን ከታች ሳየው ድነው የመጡ መስሎኝ ነው።»

ልጃቸው ነኝ አልኩት።

«አውቅዎታለሁ። ስምዎ ሳጥኑ ላይ አለ። "የልጄ ሳጥን ነው፣ ቀስ አድርገህ አስቀምጠው" ይሉኝ ነበር።»

የኪምቺውን ዕቃ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ላመሰግነው ጎንበስ አልኩ፣ እሱም ጎንበስ አለ። ሌሊቱን ሙሉ እንደሚሮጥ፣ ብዙ በር እንደሚያይ፣ «በልተሃል?» የሚለው ግን ይህ በር ብቻ እንደነበር ነገረኝ። አንዳንድ ቀን የተቀቀለ ስኳር ድንች በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠው ነበር። የእኔን ሳጥን ውለታ የምትመልሰው ለእሱ ነበር ማለት ነው።

«ቶሎ ይሻላቸው በሉልኝ» ብሎ ወረደ። ኮቴው ሩቅ እስኪሆን ቆምኩ።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

ቴሱ ጋ ደወልኩና ማቆያውን ተወው አልኩት። ብዙ ተናገረ። አብዛኛው እውነት ነው። ክሊኒኩን ግማሽ ቀን አድርጉልኝ ብዬ እጠይቃለሁ፣ እምቢ ካሉ እለቃለሁ። እፈራለሁ። እናቴ ቁጡ ናት፣ እኔም ቁጡ ነኝ፣ ቤታችን ጠባብ ነው። ቢሆንም።

ለናራ አባት እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ከናራ ክፍል የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። የአልጋውን እግር እየቆረጠ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ለዳሌያቸው ከፍ ይላል» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ናራ ጻፈች፦ «ክፍሌን ወረሳችሁት? ለአያቴ ከሆነ ይሁን። ለአባዬ ማንኮራፊያ ከሆነ አልፈቅድም።»

ማታ የናራ አባት «ታዲያ አባልነቱን እንሰርዘው?» አለኝ። አሁንስ አዎ ልለው ነበር። ሳጥን የምልክለት ሰው የለም። ግን እማዬ የድራማው መጨረሻ ላይ አልደረሰችም። ድራማው እስኪያልቅ ይቆይ አልኩት። ስለ ክፍያው ምንም አላለም።

ዲሴምበር 29፣ ሰኞ

መጣች። አሳንሰሩ ውስጥ በዊልቸር ተቀምጣ «እኔንም እንደ ሳጥን በር ላይ አደረሱኝ» አለች። ፎቶ ላንሳሽ ወይ አልኳት። በምርኩዟ መታችኝ።

ሌሊት ስታቃስት ሰማሁ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ወደ ቤቴ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የተከራየችው ቤት በወሩ መጨረሻ ለባለቤቱ ይመለሳል። ነገርኳት። «አዎ፣ ነግረሽኛል» አለች።

ጃንዋሪ 4፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ለእሷ ፍጅል በበርበሬ እየለወስኩ ነው። እሷ ሳሎን ድራማዋን ከፍታለች። መጨረሻው ክፍል ነው። እንደገና ቀጥ አለ። የኢንቾኑ ቴሌቪዥን ስለተቋረጠ አዲስ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ስልኬ ላይ ያ ጥያቄ መጣ፤ ይህ አባል ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል?

«እማዬ፣ ቁጥር ወጥቶልሻል?» ብዬ ከወጥ ቤት ጮህኩ።

«ወጥቷል። አትጩሂ፣ እዚህ ነኝ።»

መነጽሯን ሳትፈልግ አነበበችልኝ፤ ቁጥር በቁጥር፣ ጮክ ብላ። በንጹሑ የትንሽ ጣቴ ጫፍ አስገባሁት።

«አሁን እኮ ውሸት አይደለም» አልኳት።

«አይደለም» አለች። «እዚህ ነች በያቸው» ብላ ጨመረች። ከዚያ ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም፣ «ለሰውየው መብራቱን ማን ያበራለታል?» አለች።

እጄ በርበሬ ስለሆነ ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ። ስክሪኑ አመስግኖ ድራማውን ቀጠለ፤ ሁለቱ እህትማማቾች ታርቀው እየተላቀሱ ነው። እማዬ ግን ወደ በራችን ነበር የምታየው።